በአያ ውቤ ኩላሊት ላይ የተቀመጠው ሸንጎ

አጎቴ አያ ውቤ የጉና ሥር ገበሬ ነበሩ። ኑሯቸው ገብስና ድንች ነው፤ ሙያቸው ግን ሽምግልና። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ድንበር ቢገፋ፣ ያለ እሳቸው የታረቀ ሰው አላውቅም። ዋስ ሳያስጠሩ ማንንም አያምኑም። አብዮቱ መጥቶ ዳኝነቱን ለገበሬ ማኅበሩ ቢሰጠውም፣ እዚያ የተፈረደበት ሁሉ ይግባኝ የሚለው እሳቸው ደጅ ነበር።

አንድ መኸር እግራቸው አበጠ። ኮንጎ ጫማዬ ጠበበኝ ብለው የሸጠላቸውን ነጋዴ ሊከሱ ተነሡ። ፊታቸውም ሲያብጥ ግን የሚከሰስ ነጋዴ ጠፋ። እኔ ያኔ ደብረ ታቦር አስተማሪ ስለነበርሁ በበቅሎ አውርጄ ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው።

ሐኪሙ ከሌላ አገር የተመደበ ወጣት ነው። ደማቸውንና ሽንታቸውን አስመርምሮ አስቀመጣቸው።

«አባቴ፣ ሁለቱም ኩላሊቶችዎ ደክመዋል፤ ከእንግዲህ አይበረቱም። ደም የሚያጥብ መኪና በውጭ አገር አለ፤ እዚህ ለእርስዎ የሚደርስ የለም። አዲስ አበባ ትልልቆቹ ሐኪሞች ይዩኝ ካሉ እልክዎታለሁ፤ ያድኑዎታል ብዬ ግን አልዋሽም። አለዚያ ጨው ትተው፣ የሚጠጡትን ቀንሰው፣ ክኒንዎን እየዋጡ ከቤትዎ ይቀመጡ። ይኸኛውም አያድንም፤ ያቀልልዎታል እንጂ።»

አያ ውቤ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አሳርፈው ሰሙ። «ለምትለው ዋስ አለህ?» አሉት።

«የለኝም።»

«እንግዲያስ እውነትህን ነው። ውሸታም ቢሆን ዋስ ደርድሮ ይመጣ ነበር።»

በሚቀጥለው እሑድ ዘመድ ተሰበሰበ። በግ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ። ስለ ጨውና ስለ መጠጥ ሊመክር የመጣው ሰው ሁሉ ጨው ያልጎደለውን ሥጋ እያላመጠ ዋንጫውን ይገለብጣል። ከቤቱ ሁሉ አልጫ ገንፎ ፊታቸው ተቀምጦ የሚያዩት የቤቱ ባለቤት አያ ውቤ ብቻ ነበሩ።

መጀመሪያ የተነሣው አማቻቸው ምትኩ ነው። ምትኩ የከተማ ካድሬ ነው፤ አምስት ሰው ባለበት እንኳ ለአምስት ሺህ ሕዝብ ነው የሚናገረው። «አባታችን፣ ድሮ ሕክምና የባላባት ነበር። ዛሬ ሐኪሙም መኪናውም የሰፊው ሕዝብ ነው። አዲስ አበባ መሄድ አለብዎት» አለ።

«እኔ ሰፊው ሕዝብ አይደለሁም?»

«ነዎት እንጂ።»

«ከሆንሁ ድርሻዬን እዚህ አምጣልኝ።»

ምትኩ ተቀመጠ። ቀጥሎ ታናሽ ወንድማቸው ፈንታሁን ጣራ ገዳም ይሂዱና ጠበሉን በገንቦ ይጠጡ አለ። ሐኪሙ ውኃ ቀንሱ ማለቱን ባስታውሰው፣ «ጠበል ውኃ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ።

«በጠበሉስ አምናለሁ» አሉ አያ ውቤ፤ «እግሬ ውስጥ ያለውን ውኃ የት ላድርገው? ደግሞ አምና ወገብህን ሲያምህ ለመርፌ ደብረ ታቦር የሮጥኸው አንተ አልነበርህም?»

እውነቱን ልናገር፤ ያ ሁሉ ሰው የሚመክረው ለበሽተኛው አልነበረም፤ ለለቅሶው ነው። ነገ «ሳያሳክሙት ሞተ» ተብሎ ስሙ እንዳይነሣ። እሳቸው ምን እንደሚፈልጉ የጠየቀ አንድም አልነበረም። እኔም በዘመዶቼ አፈርሁ።

አያ ውቤ ግን ስንት ሙግት የበሉ ሰው ናቸው፤ ገባቸው። «መልካም፤ አዲስ አበባ ልሂድ» አሉ። «እዚያ ብሞት፣ ሬሳዬ ተመልሶ በደብሬ እንዲቀበር ዋስ የሚሆነኝ ይነሣ።»

ሁሉም ሥጋው ላይ አቀረቀረ።

ያን ጊዜ ወደ ጓዳው ደጃፍ ዞሩ። ሚስታቸው አሰለፈች የጠላ ማሰሮ ይዛ ቆማለች።

«አንቺስ? ምን ትያለሽ?»

አሰለፈች ማሰሮውን መሬት አስቀመጠች። «በዚህ ቤት ስንት ሸንጎ ተቀመጠ፤ ለስንቱ ቀዳሁ። እኔ የምጠየቀው ኩላሊት ሲደክም ነው?»

የሳቀ የለም። አያ ውቤ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ጥፋተኛ ነኝ። ፍረጂ» አሉ።

«ይቅሩ። አዲስ አበባ ቢሞቱ መርዶው ይደርሰኛል። እዚህ ቢሞቱ እኔ እደርሳለሁ።»

አያ ውቤ በፍርዱ ረጉ፤ ዘመድም የተረፈውን ጠላ ጨርሶ ወደየቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ዓመት ያህል ቆዩ። ክኒኑን እየዋጡ፣ አልጫውን እየረገሙ። አዲስ ጠባይም አመጡ፤ የአርባ ዓመቱን ውዝፍ በአንድ ዓመት ሊከፍሉ ይመስል ሚስታቸውን ሳይጠይቁ እግራቸውን አያነሡም። በሬውን እንሽጠው? ገንፎው ይቅደም ወይስ ክኒኑ? ደጅ ልውጣ? አሰለፈች እኔን ባገኘችኝ ቁጥር «ምነው ባልተናገርሁ፤ በጥያቄ ሊገድሉኝ ነው» ትለኛለች። ውሸቷን ነው። እንደዚያ ዓመት ፊቷ ፈክቶ አይቻት አላውቅም። ለዚህ መታመም ማስፈለጉ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሐኪሙ መጨረሻው ሲቃረብ እንቅልፍ እንደሚጫናቸው ለእሷ ለብቻዋ ነግሯት ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ምድጃው ዳር ተቀምጠን ሳለ ዓይናቸው ከበደ።

«አሰለፈች፣ ልተኛ?» አሉ።

እጃቸውን ያዘች።

«ይተኙ» አለቻቸው።