ስምንት ሰው፣ ስምንት ድንጋይ

እኔ ሚስቴን ያገባኋት ድንጋይ አሸክሜ ነው። ይህን ሳወራ የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። እሷ ግን አትስቅም፤ ድንጋዩ ከባድ ነበር።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። እኛ ኮልፌ ነን፤ የእሷ ቤተሰቦች ደግሞ ዛሬ ዓለም ባንክ በሚባለው በኩል። ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። በእግር ሁለት ሰዓት ቢያስኬድ ነው። እመካከሉ ላይ ጣሊያን ኬላ አቆመ። ኬላ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በሁለት ባላ ላይ የተጋደመ አንድ አጣና ነው። ግራና ቀኙ ሜዳ ነው። ላም በጎን ዞራ ታልፋለች፤ የሚጠይቃት የለም። ሰው ግን በአጣናው በኩል፣ ወረቀት ይዞ ነው፤ ዘበኛው ጠመንጃ አለው።

ለሰርግ ወረቀት አይሰጥም፤ ሰው ሲሰበሰብ አይወዱም። ለሥራ ግን ይሰጣል። አባቴ ስለሞቱ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። እሳቸው ሄደው ጎረቤታችንን፣ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ የሚያስለቅሙ አንድ ሙስሊም ካቦ፣ ለመኗቸው።

«ሰርግ ብዬ አላጽፍም» አሉ ካቦው። «ድንጋይ ብዬ አጽፋለሁ። ስምንት ሰው ባዶ እጁን ይወጣል፤ ስምንት ሰው ስምንት ድንጋይ ይዞ ይገባል።»

«ድንጋዩን ከየት እናመጣለን?»

«ድንጋይማ በያለበት ነው። እርስዎ ሙሽራዋን ያምጡ።»

ቀኑ የዐቢይ ጾም ቅበላ እሑድ ነበር። የዚያን ዕለት ካልገባች እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም። አባቷ ደግሞ ቀደም ብለው «ከቅበላ ካለፈ ሌላ ጠያቂ አላት» ብለው ልከውብናል። እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው።

ጠዋት አጎቴ፣ እኔና ስድስት ሚዜዎቼ ኬላው ደረስን። ዘበኛው ያገራችን ሰው ነው፣ የጣሊያን ካፖርት ለብሷል። ከላይ እስከ ታች አየን።

«ለድንጋይ ነው ነጭ በነጭ የለበሳችሁት?»

«እሑድ ስለሆነ ነው» አሉ አጎቴ።

ቆጠረን፤ ስምንት። አጣናው ተነሣ።

ሙሽራዋ ቤት ስንደርስ አክስቶቿ እንደ ደንቡ በሩን ዘግተው አናስገባም አሉ። መዝፈንና መለማመጥ ነበረብን። አጎቴ ግን የኬላው ነገር አእምሯቸው ውስጥ ቀርቶ ኖሮ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ወረቀቱን ዘረጉ። አንዷ አክስት ተቀብላ ገልብጣ አየችው። ማንበብ አትችልም።

«ማኅተሙ ደብዝዟል» አለች። «አይገቡም!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። በሳቁ መሐል ገባን።

ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ልንነሣ ስንል አማቴ፣ የሙሽራዋ አባት፣ በጣታቸው ቆጠሩንና፣ «ስምንት ወጥታችሁ ዘጠኝ ልትገቡ ነው?» አሉ።

ጠጁን ቆጥረናል፣ በጉን ቆጥረናል፣ ሚዜውን ቆጥረናል። ሙሽራዋን የቆጠረ አልነበረም! ሙሽራ ይዘዋት የሚመጡ እንጂ እሷም እንደ ሰው የምትቆጠር መሆኗ ለማንም አልታየውም።

«ሙሽራው ይቅር» አለ አንዱ ሚዜ። «እሷ ትግባ፣ እሱ ሌላ ጊዜ ይደርስባታል።»

«ከማን ጋር ልትጋባ ነው ታዲያ፣ ካንተ ጋር?» አለችው አክስቷ።

«በጎን እንደ ላም ብናዞራትስ?» አለ ሌላው። ስለ ዘበኛው ጠመንጃ አስታወስነውና ሐሳቡን ተወው።

አማቴ በዚህ መሐል፣ «ቢሆንም ኬላ ደህና ነገር ነው» አሉ። «እሱ ከቆመ ወዲህ ከብቴ አልተሰረቀም። ሰው ሁሉ እንዳሻው ከዞረ አገር አይሆንም።»

«ከብትዎ ያልተሰረቀው» አሉ አጎቴ፣ «ሌባው ኬላው ላይ ስለተቀጠረ ነው።»

«ሰርቶ መብላት ከጀመረ ታዲያ ምን ከፋ?»

«ልጅዎን በር ላይ አስቀረብዎት እኮ!»

«እሱ ሌላ ነው። ልጄማ ትለፍ። እኔ የምለው ሌላውን ሰው ነው።»

«ሌላውም ሰው የሰው ልጅ ነው።»

ጀንበር እያዘቀዘቀች ነው፣ እነሱ ይከራከራሉ። በመጨረሻ አጎቴ ብድግ አሉ። «እነዚህ ልጆች የመንገድ ሠራተኞች ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት ስማቸው ይጠራል። የእኔን ስም የሚጠራ የለም። እኔ እቀራለሁ። ክርክሩንም እዚሁ እጨርሰዋለሁ።»

ጋቢያቸውንና ኮፍያቸውን አውልቀው ለሙሽራዬ አለበሷት። መንገድ ላይ ሁላችንም ድንጋይ አነሣን። ለእሷ ትንሽ መርጬ ሰጠኋት። አየችው፣ ጣለችው፣ ትልቅ አነሣች።

«በትንሹ ይጠረጥሩኛል» አለች። ካገባኋት ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው።

ዘበኛው ቆጠረን። ስምንት ሰው፣ ስምንት ድንጋይ። ከዚያ ዓይኑ እሷ እጅ ላይ ቀረ። ለሙሽርነት የሞቀችው እንሶስላ!

«የዚህ ሠራተኛ እጅ ምነው ቀላ?»

አንደኛ ሚዜዬ፣ «አዲስ ነው ጌታዬ፣ ድንጋዩ ልጦት ነው» አለ።

«አይ» አለ ዘበኛው። «ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ የላጠው ይሄ አራተኛው ነው። በሉ እለፉ። ድንጋዩን እዚያ ጣሉት።»

ከአጣናው ወዲህ የድንጋይ ቁልል አለ። የእኛም ተጨመረ። እሷ ግን አልጣለችም፤ ኮልፌ ድረስ ይዛው ገባች። አሁንም የበራችን መደገፊያ ነው።

ፋሲካ አለፈ። አጎቴን ለማስገባት ሌላ የድንጋይ ወረቀት አጻፍን። ስምንት ወጣን፤ አንዱ ማዶ ዘመድ ስለነበረው በእሳቸው ፈንታ ቀረ። በዚያ ዘመን ቁጥሩ እንዲሞላ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከቤቱ ውጭ መሆን ነበረበት።

አማቴ እስከ ኬላው ሸኟቸው። አጎቴ ድንጋያቸውን ተሸክመው አጣናውን አለፉ። አማቴም ሊከተሉ ሲሉ ዘበኛው፣ «አባባ፣ ወረቀት?» አላቸው።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ይመለሱ።»

አማቴ አጣናውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። «ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር ሲከራከር የከረመ ሰው ነው እኮ» አሉ። «አሁን እኔ ኬላ ጥሩ ነው የምለው ለማን ነው?»

አጎቴ ከነድንጋያቸው ዞሩ። «እዚያው ሆነው ይበሉ! ይሰማኛል!»

«ኬላ ጥሩ ነው!» ብለው ጮኹ አማቴ።

«አይደለም!»

«ነው!»

እየተጓዝን ነው፣ አጎቴ በየአሥር እርምጃው እየዞሩ «አይደለም!» ይላሉ። ዳገቱን ስንወጣ የአማቴ ድምፅ ራቀ። አጎቴ ድንጋዩን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«እንጃ» አሉ። «ነፋሱ ወሰደው።» ሆኖም ወደዚያው ዞረው፣ «አይደለም!» ብለው አንድ ጊዜ ጨመሩ።