አባይ በረሃ ላይ ያቆምናት ቤት

ባልና ሚስት ፈረንጆች፣ ውስጧ አልጋና ምድጃ ያላት መኪና ይዘው ደብረ ማርቆስ መጡና በአስተርጓሚነት አብሬያቸው ሄድኩ። ከደጀን ቁልቁል አባይ በረሃ እንደወረድን "እዚህ እንደር" አሉ። እምቢ ማለት ነበረብኝ።

ገና በቀትር የመኪናዋ ማቀዝቀዣ ጸጥ አለ። ወደ ደጋው እንመለስ ብንል ደግሞ ሞተሩ አልነሳ አለ። ሚስትየዋ ወንበሩ ላይ ተዝለፈለፈች፤ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

ይሄኔ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ አንዲት እናት በመንገዱ ሲያልፉ በተከፈተው በር አዩን።

"ምን ሆናችሁ ልጄ?"

"ሙቀቱ ነው እማማ። ማቀዝቀዣው ተበላሸብን።"

ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡና አንሶላውን ከአልጋው ላይ ገፈፉት።

"ኧረ እማማ!" ብል ማን ሰምቶኝ! የመጠጥ ውሃችንን ግማሹን አንሶላው ላይ ደፉት። ባልዬው አፉን ከፍቶ ያየኛል፤ እኔስ ምን ብዬ ልተርጉምለት? እርጥቡን አንሶላ ነፋስ በሚመጣበት መስኮት ላይ ወጠሩት፤ የወዲያኛውን መስኮት ከፈቱት፤ የሴትዮዋንም ግንባር በነጠላቸው ጫፍ አረጠቡላት።

ትንሽ ቆይቶ ቀዝቀዝ ያለ አየር ሽው ይል ጀመር። ሴትዮዋ ቀና አለች፣ ውሃ ጠየቀች፣ ጠጥታም ፈገግ አለች። ባልዬው በደስታ "ይህን ከየት እንደተማሩት ጠይቅልኝ" አለኝ። እኔም ለማወቅ ጓጉቼ ስለነበር ወደ እሳቸው ዞር አልኩ።

እማማ አልጋው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ያንኮራፋሉ።