ሰዒዳ ለዓርብ ንባብ የመረጠችው መሣሪያ

ሰዒዳ ዐረብ አገር፣ ሪቃይ በሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ የቤት ሠራተኛ ናት። ትውልዷ ወሎ ነው፤ ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል ብታቋርጥም ንባቧ የጠራ ነው። የዕረፍት ቀኗ በሆነው ዓርብ፣ በውበት ሳሎን የምትሠራው ጓደኛዋ ሐሲና፣ ማንጋፍ ሰፈር በተከራየችው ክፍል ለሚሰበሰቡት ለኑሪያና ለሌሎች የአገሯ ልጆች ከስልኳ ላይ ልብ ወለድ ታነብላቸዋለች።

ችግሩ ስልኩ ነበር። ታሪኩ ልብ በሚሰቅልበት ቦታ ሁሉ አሠሪዋ ማዳም ትደውላለች፤ የልጆቹ ካልሲ የት እንዳለ ትጠይቃለች። ስለዚህ ሁለቱ ጓደኛሞች ከማንበቢያነት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው፣ የማይጮህ መሣሪያ ሊገዙ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፋሐሂል ገበያ ሄዱ።

የአገር ልጅ የሆነው ሻጭ ዳኒ ሁለት ዓይነት አቀረበ፤ አንዱ በመዳፍ የሚያዝ፣ ሌላው ሰፊና ፊደሉ ከሩቅ የሚነበብ።

«እንዴት ነው የምታነቢው እህቴ? ለብቻሽ ነው ወይስ ለሰው?»

«ለሰው። ግን ትንሹ ይበቃኛል» አለች ሰዒዳ ቸኩላ።

«ትልቁን ውሰጂና እኛም ከጎንሽ እንይ እንጂ!» አለች ሐሲና። «ምነው፣ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ሰው ትሸፍኚብናለሽ?»

ዳኒ የአማርኛው ፊደል በትክክል መውጣቱን ለመፈተሽ፣ ሰዒዳ ባለፈው ዓርብ አንብባ የጨረሰችውን መጽሐፍ ከስልኳ ወደ ትልቁ አዛወረ። ሙሉ በሙሉ መግባቱን ሊያረጋግጥም የመጨረሻውን ገጽ ከፈተ። ሐሲና አንገቷን አስግጋ አነበበች።

«ሰዒዳ፣ እናትየዋ ሞተች እኮ ነው የሚለው።»

ሰዒዳ ገጹን በመዳፏ ሸፈነች።

«ድና ቤቷ ገባች ብለሽ እልል አስባልሽን እኮ!»

«የኑሪያ እናት ደሴ ታመው ተኝተዋል» አለች ሰዒዳ በሰለለ ድምፅ። «ፊቷን እያየሁ እንዴት ላንብበው?»

«ከዚያ በፊት ያነበብሽልን መጽሐፍስ? እስረኛው ተፈትቷል?»

«አልተፈታም።»

«ወላሂ፣ እኛ ደግሞ ደራሲው ሩኅሩኅ ነው እያልን ስንመርቀው!»

ዳኒ እንዳልሰማ ሆኖ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ይህ ጨዋነቱ ሰዒዳን ከሐሲና ቁጣ ይበልጥ አሳፈራት። ርኅራኄዋ እውነተኛ ነበር፤ ማታለሏም እንዲሁ። ባሕር ተሻግረው የሰው ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶችን፣ የታሪክ መጨረሻ እንኳ መሸከም እንደማይችሉ ሕፃናት ቆጥራቸዋለች። ይህን ከማንም ቀድማ የተረዳችው ራሷ ናት።

«የትኛው ይሁን?» አለ ዳኒ።

«ትልቁ።»

ሲመለሱ ሐሲና አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ አልተቀመጠችም። ማንጋፍ ሲደርሱ ሴቶቹ ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር። ኑሪያ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

«ዛሬስ ምን ልታነቢልን ነው?»

«ያለፈውን መጨረሻ» አለች ሰዒዳ። «እኔ እንዳልኳችሁ አልነበረም።»

መሣሪያውን ሁሉም በሚያዩት አኳኋን ምንጣፉ ላይ አኖረችው። ፊቷ እየነደደ፣ አንዲት ቃል ሳትዘል አነበበች። ስትጨርስ እልል ያለ የለም። ኑሪያ ዓይኖቿን ከፊደሉ ላይ አላነሣችም።