ከኮረብታው ግርጌ የተለካው ዝናብ

ያን ቀን ዝናቡ የመጣው በማለዳ ነው። ነጎድጓድም ነፋስም ሳያስቀድም ዝም ብሎ ወረደ። ወራቱን ሙሉ አመድ መስሎ የከረመው ኮረብታ ጠቆረ። የችግኝ ጣቢያው ቆርቆሮ ሲንጫጫ፣ ላስቲክ ውስጥ አፈር ሲሞሉ የነበሩት ሴቶች ሥራቸውን ጣል አድርገው በር ላይ ተኮለኮሉ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣች።

ሁሉም ዞረው ወደ አንዲት ሴት ተመለከቱ። በስሟ የሚጠራት የለም፤ “ሜትር” ነው የሚሏት። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ እዚህ ከተቀጠረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ኮረብታው አናት ላይ፣ ወገቡ ላይና ግርጌው ላይ ጉድጓድ ታስቆፍርና እጇን ትሰዳለች። ርጥበቱ በሦስቱም ቦታ እስከ ክርኗ ከደረሰ ችግኙ ለተከላ ከመደቡ ይወጣል፤ ካልደረሰ ይቆያል። ኮሌጅ የጨረሰው አለቃቸው እንኳ ከወረቀቱ ይልቅ የእሷን ክንድ ያምናል።

“ሜትር፣ ዛሬ ለወንድምሽ ብለሽ ክንድሽን እንዳታሳጥሪው!” አለች አንዷ፤ ሴቶቹ በሳቅ አውካኩ።

ቀልዱ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ከኮረብታው ሥር ያለው ማሳ የታናሽ ወንድሟ ነው። ኮረብታው ላይ የነበረው ዛፍ ተመንጥሮ ካለቀ ወዲህ ጎርፉ በየዓመቱ ከማሳው እየቦጨቀ ይወስዳል። የተተከለውም ችግኝ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ደርቋል። ወንድሟ ችግኙ ዘንድሮም ካልያዘ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አገር ጥሎ እንደሚሄድ ምሎ ተገዝቷል። እሷ ደግሞ ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም።

ወዲያው ወንድሟ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ደረሰ።

“እታለም፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ጎረቤቱ ሁሉ ዘር እየበተነ ነው!”

“ቆይ እንጂ፣ ሳልለካ?”

“እሺ ለኪያ!”

ዳገቱ ያዳልጣል፤ የእሷም ጉልበት ከታመመ ቆይቷል። ወንድሟ አካፋውን ቀምቶ ከማሳው ወሰን አጠገብ፣ እዚያው ግርጌው ላይ ቆፈረ።

“እዚህ ለኪው። አናቱም ላይ የዘነበው ይኸው ዝናብ ነው።”

እጇን ሰደደች። ከክርኗ በላይ ረጥቧል። የኮረብታው ውሃ ሁሉ ተንሸራትቶ እዚያ እንደሚጠራቀም አሳምራ ታውቃለች። ቀና ብላ አናቱን አየችው፤ ከዚያ የወንድሟን ፊት አየች።

“ይውጣ” አለች።

አለቃው ችግኙ መኪና ላይ ሲጫን ጠጋ ብሎ፣ “እትዬ፣ ላይኛውንም ለካሽው አይደል?” አላት።

“ለክቼዋለሁ።”

በሁለት ቀን ኮረብታው ሙሉ ተተከለ። ከዚያ ሰማዩ ጥርግ አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ጠብ የሚል ጠፋ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለው ስህተት ከቁም ነገርም አይቆጠር ነበር፤ በሳምንቱ ሌላ ዝናብ ደርሶ ገመናዋን ይሸፍንላት ነበር። አሁን ግን ዝናቡ አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሆኗል። እሷና ወንድሟ በጄሪካን ውሃ ተሸክመው ዳገቱን ወጡ፤ ከመቶው ለአንዱም አልበቃ። መጀመሪያ የአናቱ ችግኝ ጠወለገ፣ ቀጥሎ የወገቡ። ቅጠሉ እጅ ሲነካው ይደቅ ጀመር።

አለቃው አንድ ቀን አናቱ ላይ ወጥቶ በገዛ እጁ ቆፈረ። ከአራት ጣት በታች ያለው አፈር ዱቄት ነበር፤ የዚያን ቀን ዝናብ ጭራሽ አልደረሰውም። እሷ ጄሪካኗን ይዛ ዝቅ ብላ ቆማ ነበርና ቁልቁል አያት። ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር።

“ለወደፊቱ አብረን እንለካለን፣ እትዬ” ብቻ ብሎ እጁን አራግፎ ወረደ። ቢሰድባት በወደደች።

ዋናው ዝናብ በሃያ ስድስተኛው ቀን መጣ። ለሬሳ ነው የመጣው። ከግርጌው ሁለት ረድፍ በቀር የተረፈ የለም። በዚያው ሰሞን ጎርፉ ከወንድሟ ማሳ ሲሶውን ይዞት ሄደ።

ወንድሟ የቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ መኪና ላይ ሲጭን ሚስማሩን ትሰበስብለት ነበር።

“ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ እታለም” አላት። “ሰማዩ ነው የከዳን።”

“ላዩን አልለካሁትም” አለችው። ለማንም ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

ገመዱን ማጥበቁን አላቆመም። “አውቃለሁ። አጠገብሽ አልነበርኩም እንዴ?” አለ፤ ገመዱን ቋጥሮም፣ “ነይ፣ አብረን እንሂድ።”

“እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የት አባቴ ልሂድ? ልጆቹን ሳምልኝ።”

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ወንድሟ ከተማ ውስጥ የመጋዘን ዘበኛ ሆኗል፤ አልፎ አልፎ ይደውላል። እሷ እዚያው ጣቢያ ናት። ዝናብ ሲጥል አለቃው ከሌላ ሠራተኛ ጋር ኮረብታውን ይወጣል፤ እሷ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብላ ላስቲክ ውስጥ አፈር ትሞላለች።