ርዕሱን አይተው የተዉት መጽሐፍ

የጎመዘዘ የዱቄት ሙጫ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ድረስ እበሽቃለሁ። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ደብተሮቿን ልትሸፍን ጠረጴዛው ላይ ካኪ ወረቀት ዘረጋች። የገዛችው ሙጫ አልቆባት ኖሮ ዱቄት በውሃ በጥብጣ እሳት ላይ ስታማስል፣ ያ ሽታ ከኩሽና ወጥቶ ሶፋው ላይ አገኘኝ። «እማማ፣ ምነው ፊትሽን አጨማደድሽው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? በአንድ ርዕስ የተነሳ ይህን ያህል ዘመን እንደምናደድ ብነግራት ትስቅብኛለች። ለአንተ ግን ልንገርህ።

ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማትሪክ አልመጣልኝም። አንድ ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ በከተማው የሕዝብ ንባብ ቤት መጽሐፍ አዋሽ ሆኜ ተቀጠርኩ። ንባብ ቤቱ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ፣ ከአንድ ሀብታም የተወረሰ ቪላ ነበር፤ ሳሎኑ ማንበቢያ፣ መኝታ ቤቱ የመጽሐፍ ክፍል ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በሐይቁ በኩል ስትገባ መደርደሪያው ላይ ያለው አቧራ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነፋሱ የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ ይዞ ይመጣል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ቆርቆሮው ላይ ሲያርፉ ሰው በጫማው ጣራ ላይ የሚንጎራደድ ይመስላል። ሥራዬ መጽሐፍ ማዋስ፣ የተመለሰውን መቀበል፣ የተገነጠለውን ደግሞ በዱቄት ሙጫ መለጠፍ ነበር።

አለቃዬ፣ የንባብ ቤቱ ኃላፊ፣ በዕድሜ ከእኔ እምብዛም የማይርቅ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነበር። ግን አንድም ቀን መጽሐፍ ሲያነብ አላየሁትም። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ርዕሱን ጮክ ብሎ ያነብና ጣቱን ወደ አንዱ መደርደሪያ ይቀስራል። «ይሄ ታሪክ። ይሄ ጤና። ይሄ ልብ ወለድ።» በቃ፣ አለቀ።

አንባቢዎቹም ከእሱ አይሻሉም ነበር። አንዲት ነርስ ነበረች፤ ርዕሱ ላይ «እንባ» ወይም «ልብ» የሚል ካገኘች ዓይኗን ጨፍና ትወስዳለች። ብስክሌት ጠጋኙ ከበሩ ላይ ሆኖ «ደም ያለበት አለሽ?» ይለኛል፣ ሥጋ ቤት የመጣ ይመስል። ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ከሁለት ቃል በላይ ርዕስ ያለው መጽሐፍ አይነካም። «ርዕሱ እንዲህ ከረዘመ ውስጡማ እንዴት ሊሆን ነው?» ይላል። «እሺ፣ ሁለት ገጽ ብቻ አንብባችሁ ተዉት» ብዬ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ማን ሰምቶኝ።

መምህሩ የመጡት በዚህ መሃል ነው። አሥረኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ ናቸው፤ ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ከኮታቸው እጅጌ ጠመኔ የማይጠፋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። እናታቸው ሲዳማ ስለነበሩ ሲቆጡ በሲዳምኛ ነበር የሚቆጡት። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ልብ ወለድ ሲጽፉ እንደኖሩ ተማሪዎቻቸው ሁሉ እናውቃለን። ጽሑፉ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ብዙ ጠረጴዛ ዞሮ፣ በመጨረሻ ታተመ ተባለና አምስት ቅጂ ለእኛ ተላከልን። ካርቶኑን ማንም ሳይቀድመኝ ከፈትኩት። የማውቀው ሰው የጻፈው መጽሐፍ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ሽፋኑ ላይ በደማቅ ቀይ «የኅብረት መረብ» ይላል።

ኃላፊው አነበበና ጣቱን ቀሰረ። «ይሄ ዓሣ እርባታ።»

«ጓድ፣ ልብ ወለድ ነው እኮ» አልኩት።

«መረብ አይልም? ኅብረት አይልም? የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ነው።»

የሰባት ዓመት ልፋት ከንብ እርባታና ከዶሮ በሽታ መካከል ገብቶ ተቀመጠ።

መምህሩ በየሐሙሱ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ይመጡ ጀመር። ጋዜጣ ይዘረጋሉ፣ ገጹን ግን አይገልጡም። ዓይናቸው ከጋዜጣው በላይ አልፎ ወደ እርሻ መደርደሪያው ይሄዳል። ሊወጡ ሲሉ አንዱን ቅጂ ያወጡና መጨረሻው ላይ የተለጠፈውን፣ የተዋሰው ሰው ስም የሚጻፍበትን ወረቀት ያያሉ። ባዶ ነው። መልሰው ያስገቡትና «ደህና ዋይ» ብለው ይወጣሉ። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። «ለምን ለሰው አይናገሩም? ለምን ተማሪዎችዎን አይልኩም?» ስላቸው «የሚፈልገው ያገኘዋል» ይሉኛል። ከንብ እርባታው አጠገብ ማን ፈልጎ ሊያገኘው!

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሰው ወሰደው። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጠምዱ ሽማግሌ ነበሩ፤ በማግስቱ ይዘውት መጡ። «ልጄ፣ መረብ እንዴት እንደሚጠገን አንድ መስመር የለውም። አንዲት ሴትዮ ብቻ ከዚያ እስከዚህ ታለቅሳለች» አሉና ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔም አላነበብኩትም ነበር። ዛሬም ስናገረው ያሳፍረኛል። ሌላውን ሁሉ ስቆጣ የኖርኩት ሴትዮ እኔው ራሴ ርዕሱን አይቼ ትቼው ነበር። ሽማግሌው የጣሉትን አነሳሁና እዚያው ጠረጴዛው ሥር ደብቄ ጀመርኩት።

ባሏ ማክሰኞ ጠዋት ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ጀልባውን ጉማሬ የገለበጠበት አንዲት ሴት ናት። ሬሳው አልተገኘም። በየማክሰኞው ሐይቁ ዳር ሄዳ ትቆማለች። ልጇ ደግሞ እያደገች፣ በየማክሰኞው ቀሚሷን ይዛ ትለምናታለች። ያ ነው ታሪኩ። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሁለት ገጽ ላይ ብቻ ነው ያለው። በሁለት ቀን ጨረስኩት፣ ምሳ እንኳን አልበላሁም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሁለቴ አነበብኩት።

ሐሙስ መምህሩ ሲመጡ ሰላምታ እንኳን በወጉ አላቀረብኩም። «ቲቸር፣ ይሄን ርዕስ ማን አወጣው?»

«እነሱ፣ አዲስ አበባ ያሉት።»

«የእርስዎስ ምን ነበር?»

«ተይው፣ ምን ያደርግልሻል።»

«ይንገሩኝ።»

ጋዜጣውን እያጠፉ ቀስ ብለው «ማክሰኞ አትሂጂ» አሉ።

«ታዲያ ዝም አሉ?»

«ወይ በዚህ ርዕስ ይወጣል፣ ወይ አይወጣም አሉኝ። እንዲወጣ ፈለግሁ።»

«ማን እንዲያነበው?» አልኩ። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ጋዜጣውን በአራት አጥፈው፣ እንደገና ዘርግተው፣ እንደገና አጠፉት።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ስብሰባ ሲሄድ ዱቄት በጠበጥኩ። አምስቱንም በካኪ ወረቀት ሸፈንኳቸው። ቀዩ ርዕስ የታተመበትን የውስጥ ገጽም ከሽፋኑ ጋር አጣበቅሁት። በሰማያዊ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል «ማክሰኞ አትሂጂ» ብዬ ጻፍኩና ልብ ወለዱ ጋ ደረደርኳቸው። የመምህሩን ስም አልጻፍኩም። ሳልጠይቃቸው ያን ያህል መድፈር ከበደኝ።

ነርሷ ከሰዓት በኋላ ገባች። «ይሄ መቼ መጣ? ለምንድነው የማትሄደው? ብትሄድ ምን ትሆናለች?»

«አንብቢያ» አልኳት።

ብስክሌት ጠጋኙ ሽፋኑን እያገላበጠ «ማክሰኞ ሰው ይሞታል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አንድ ይሞታል» አልኩት፤ ወሰደ። የፋብሪካው ሰው ቃላቱን በጣቱ ቆጠረ። የኅብረት መረብም ሁለት ቃል እንደነበር ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እስከ ረቡዕ አምስቱም ወጡ። እንደሚደሰት ሰው ግን አልተደሰትኩም፤ ይልቅ ያው መጽሐፍ፣ ያው ታሪክ፣ ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ነበር እያልኩ ብቻዬን እብሰለሰል ጀመር።

ሐሙስ መምህሩ ገቡና ወደ እርሻ መደርደሪያው ተመለከቱ። ቦታው ባዶ ነው። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ወሰዷቸው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«አስወገዷቸው?»

«አንባቢ ነው የወሰዳቸው፣ ቲቸር! ሰው!» አልኩና የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። አመስጋኝ ፊት ስጠብቅ፣ መነጽራቸውን አውልቀው «ማን ፈቀደልሽ?» አሉኝ። በሲዳምኛ አንድ ሁለት ነገር አጉረመረሙ። «የጸደቀው ርዕስ ያ ነው። ዛሬውኑ መልሺው።»

«ባዶ ወረቀት እያዩ ሲሄዱ አልነበር? ይኸው ሞላልዎት!» ብዬ ነርሷ ያን ዕለት የመለሰችውን ቅጂ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ወረቀቱ ላይ የእሷና የጓደኛዋ ስም ነበር፤ አንዷ ስትጨርስ ለሌላዋ አቀብላታለች። መምህሩ በጠመኔያም ጣታቸው ስሞቹን ዳሰሷቸው፤ አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ከታች ወደ ላይ። ከዚያ መልሺው የሚለውን ሳይደግሙት ወጡ።

ችግሩ የመጣው ከማናችንም ሐሳብ ውጭ ነው። የቀበሌው የውይይት ቀን ማክሰኞ ነበር። ነርሶቹ ደግሞ መጽሐፉን ካነበቡ በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ «ማክሰኞ አትሂጂ!» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ይሄ ቀልድ የቀበሌው ካድሬ ጆሮ ገባ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጠብመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። አንዱን መጽሐፍ ከመደርደሪያው መዞ ሽፋኑን በጥፍሩ ይመታው ጀመር።

«ሴቶቻችን ከውይይት እንዲቀሩ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ በመንግሥት ቤት!»

«ጓድ፣ ስለ ውይይት አይደለም። አንብበውታል?» አልኩት።

«ርዕሱን አይቻለሁ! ምን ቀረኝና ነው የማነበው?»

ኃላፊው ላብ ላብ ብሎት «የእርሻ መጽሐፍ ነው» ይላል ከኋላዬ። ካድሬው አልሰማውም። «ይሄ የማን የእጅ ጽሑፍ ነው?» አለ።

ከዚህ ባነሰ ጥያቄ ተጠርቶ ቤቱ ያልተመለሰ ጎረቤት ነበረን። እናቱ ያኔም በር በሩን ታይ ነበር።

ጥግ ላይ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። «የእኔ ነው» አሉ መምህሩ። «መጽሐፉም የእኔ ነው፣ ርዕሱም የእኔ ነው። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ልጅቷ አታውቅም።»

አፌን ከፈትኩ። ወደ እኔ ሳይዞሩ በሲዳምኛ ዝም እንድል ነገሩኝ። የማውቃት ጥቂት ሲዳምኛ ለዚያ በቃችኝ። ዝም አልኩ። ስለ መጽሐፍ ሲሆን ማንንም የማልፈራው እኔ፣ የተፈለግሁ ጊዜ ዝም አልኩ። ሌሎቹ ላይ የምናደደውን ሁሉ ብትደምረው በዚያች ደቂቃ ራሴ ላይ ከምናደደው አይደርስም።

መምህሩ ቀበሌ ውስጥ አሥራ ሰባት ቀን ታሰሩ። በመጨረሻ ከመርማሪዎቹ አንዱ ካኪውን ቀድዶ ከሥሩ ያንን ቀይ፣ የጸደቀ ርዕስ ሲያገኝ፣ ክስ የሚመሠረትበት ነገር ጠፋ። ፈቷቸው። ነገር ግን ከሳምንት በኋላ ሩቅ ቆላ አገር ያለ ትምህርት ቤት መዛወራቸው ተነገራቸው። መጽሐፎቹም ካኪያቸው ተገፎ ተመለሱ፤ ኃላፊው እንደ ልማዱ ጣቱን ቀሰረ። ሰው ደግሞ መጠየቁን አልተወም። «ያ ማክሰኞ አትሂጂ የሚለው የለም?» ትለኛለች አንዷ። የኅብረት መረብን እሰጣታለሁ። «ይኸው፣ እሱው ነው።» ሽፋኑን አይታ ትመልስልኛለች። «አትቀልጂብኝ፣ ስለ መረብ ማን ጠየቀሽ?»

ሲሄዱ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። አንድ ሻንጣና በገመድ የታሰረ ፍራሽ ብቻ ነበር ዕቃቸው። መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁትን ንግግር ረሳሁና «ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ» ብቻ አልኩ።

«ስንት ሰው አነበበው?» አሉኝ።

«አሥራ አንድ።»

«እስቲ አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ነርሷ ዓይኗ አብጦ መጥታ «ይሄን የጻፈችው ሴት መሆን አለባት» እንዳለች ስነግራቸው፣ ከታሰሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ብስክሌት ጠጋኙ ደም የለውም ብሎ ሊጣላኝ መጥቶ፣ ልጅቷ በኋላ ምን ሆነች ብሎ ጠይቆኝ እንደሄደ ነገርኳቸው። የፋብሪካው ሰው ለሚስቱ ጮክ ብሎ አነበበላት አልኳቸው። ሁሉንም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ።

ተሳፍረው በመስኮቱ ብቅ ሲሉ ሞተሩ ተነስቶ ነበር። «አንቺስ?» አሉኝ። «አንቺ እንዴት አየሽው?»

ለካ አልነገርኳቸውም። ስንት ሐሙስ ርዕስ፣ ርዕስ ስል ከርሜ፣ ምሳዬን ትቼ ጠረጴዛ ሥር እንዳነበብኩት፣ ያቺ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ስትይዝ የራሴን ቀሚስ እንደያዝኩ፣ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

«ቆንጆ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ ሌላ አልወጣልኝም። ግማሽ መልስ ለመለሰ ተማሪ እንደሚያደርጉት፣ የቀረውን እየጠበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። አውቶቡሱ ሄደ።

የቀረውን በደብዳቤ ልጽፍላቸው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀመርኩ። ስጽፍ፣ ስቀድድ፣ እንደገና ስጽፍ ክረምቱ ገባ። ከዚያው ቆላ አገር የመጣ ሌላ መምህር በወባ መሞታቸውን የነገረን ጊዜ ደብዳቤው አራት ገጽ ደርሶ ነበር። ስለ ርዕሱ አንድም ቃል አልነበረበትም።