ሰባቱ አንዶች

ወረታ ላይ እኔ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ያልመጣ ገበሬ ካለ፣ ሩዝ አልዘራም ማለት ነው። በሂሳብማ ከይፋግ እስከ አንበሳሜ የሚችለኝ የለም። ማን አስተማረህ ካላችሁ፣ ራሴ። ሱቅ ለስኳር መጠቅለያ ያደረጉት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የሂሳብ መጽሐፍ ነበር፤ ስኳሩን ባለቤቴ ወሰደች፣ መጽሐፉን እኔ።

ማሽኑ ሲሠራ እኔ ገለባው ላይ በጣቴ ቁጥር እጽፋለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ሁሌ የምትቀመጥባት ጆንያ ላይ ቁጭ አለችና እኔን ልታበሽቅ ገለባው ላይ ሰባት ጭረት አሰመረች። ፊደል አልቆጠረችም።

«ይኸው፣ ሩዝ በመስመር ተከልሁልህ። እስቲ አንብበው።»

«አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድ» አልኋት ሳልተነፍስ።

ለሦስት አካፈልኋት፣ አንድ ቀረ። ለሰባት፣ አንድ ቀረ። ለአሥራ አንድም ለአሥራ ሦስትም ያው አንድ። ጉብዝና ያስቸኩላል፤ ደረቴን ነፋ አድርጌ «ይቺ ብቸኛ ናት» አልሁ።

«ምን ሆነች?»

«ብቸኛ ቁጥር። ከአንድና ከራሷ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላት የለም። እኔ አይደለሁም፣ መጽሐፉ ነው እንዲህ የሚላት።»

ፊቷ ጠቆረ። ልጅ አልወለድንም፤ ያቺ ቃል እኛ ቤት አትነሳም።

«እኔ የተከልኋትንማ ብቸኛ አትላትም። የሚያካፍላት ፈልግላት» አለችኝ።

ክረምት ገብቶ ቁሐር ሚካኤል ሜዳ ላይ ውሃው ሲተኛ እሷም ተኛች። ሐኪም ቤት ተመላለስን። የሐኪሙን ፊት አይቼ ገባኝ፤ እሷ ግን ቀድማኝ አውቃ ኖሯል። ስለ ራሷ አትጠይቅም፤ የምትጠይቀኝ ስለ ቁጥሯ ነው።

«አገኘህላት?»

«ሽማግሌ በሽማግሌ ሆነናል። አሥራ ሰባት መጣ፣ ቀሪ አለብህ ብዬ መለስሁት። አሥራ ዘጠኝም እንደዚያው።»

ሳቋ ሳል ሆነባት። «አንተ ደግሞ መራጭ አታድርጋት። እኔ እያለሁ ዳራት።»

«ሩዙ ሳይታጨድ እድራታለሁ፤ እኔን አታውቂኝም እንዴ?»

ሩዙ ሲያሸት ሄደች።

ለቅሶው ሲበተን መፈልፈያውን ከፈትሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ገለባው ላይ ሰባቱን አንዶች ጻፍሁና ካቆምሁበት ቀጠልሁ። ሁሉም ቀሪ ይዞ ይመጣል። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ዜሮ ወጣ። አላመንሁም፣ ደገምሁት። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ በአራት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ ሲባዛ ራሷን ይሰጣል። ቀሪ የለም። ልነግራት አፌን ከፍቼ ወደ እሷ መቀመጫ ዞርሁ።

ተራ የሚጠብቁ አንድ አባት እዚያ ቦታ የራሳቸው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንህ?»

«ምንም አልቀረም፣ አባባ።»

«እንዴት አይቀርም? የኔ አለ እንጂ» አሉና የተቀመጡበትን ጆንያ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ቀልድህን ተውና ፈልፍልልኝ።»

«እሺ፣ ይነሡልኝ» አልሁና ጆንያቸውን አፈሰስሁላቸው። ማሽኑ ገለባውን እየተፋ ሰባቱ አንዶች ላይ ከመረው።