ሰይድ በማዳመጫ ብቻ ያሰማን ዘፈን

አሁንም አላመንኩም። ጠዋት ሲደወልልኝ "የትኛው ሰይድ?" አልኩ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስንት ሰይድ አለ፣ ሌላ ሰው ይሁን ብዬ ተመኘሁ። ኃጢአት ነው፣ ግን ተመኘሁ።

የኛው ሰይድ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ። ትናንት ውጫሌ ሰርግ ሠርቶ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ዛሬ ከዙህር በኋላ ተቀበረ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰይድና ሂሩት "ካፊያ" ብለው አብረው ይሠሩ ነበር፤ እሱ በኪቦርድና በላፕቶፕ፣ እሷ በድምፅ። የተገናኙት በለውጡ ሰሞን ሰርግ ላይ ነው። ያኔ ሁላችንም ተስፋ ተስፋ ይለን ነበር።

እኔ ያወቅኳቸው በስልክ ጥገና ነው። ጦርነቱ አልፎ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሱቄን እንደከፈትኩ ሰይድ ድምፅ አላወጣ ያለ ስልክ ይዞ መጣ። ስፒከሩን ቀየርኩና ልሞክረው ብዬ ያገኘሁትን ፋይል ነካሁ። አምባሰል ነው፣ ግን ይጎተታል። ከስር ድም ድም የሚል የማሽን ምት አለ፤ ከላይ ሂሩት በሹክሹክታ ትዘፍናለች። የቀየርኩት ስፒከር ብልሹ መስሎኝ መልሼ ልፈታው ካቻቢቴ አነሳሁ።

ሰይድ ጠረጴዛውን ዘሎ ሊመጣብኝ ምንም አልቀረው። "ዝጊው! ወላሂ ዝጊው! ጎረቤት ድንኳን ቆሟል እኮ!"

ዘጋሁት። ከኪሱ የጆሮ ማዳመጫ አውጥቶ ሰጠኝ። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ቆሜ ሰማሁ፤ ደንበኛ መጥቶ ጠብቆ ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር ከኛ ከተማ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የመጀመሪያ ሥራቸው ነበር። የቀዱት እናቱ ቤት ነው፣ መስኮቱን በፍራሽ ደፍነው። "መቼ ነው የምትለቁት?" አልኩት።

"ትንሽ ያባራ" አለኝ፣ ስለ ዝናብ የሚያወራ ይመስል።

ይህቺ አነጋገር የሱ ናት። በኛ አገር ሐዘን ባለበት ሰፈር ሙዚቃ አይከፈትም፤ ሙስሊም ክርስቲያን የለውም፣ ነውር ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሌላው ደጅ ይተከል ነበር። የሰይድም ቤት አልቀረም፤ ታናሽ ወንድሙ ከግንባር አልተመለሰም። መርዶው ከገባ ወዲህ እናቱ እማማ ዘሃራ ቤት ሬዲዮ እንኳ ተከፍቶ አያውቅም።

ስለዚህ ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። ሰይድ የሚወስደውን ሁሉ ያስምል ነበር፣ በማዳመጫ ብቻ ብሎ። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ቃላቸውን ጠበቁ፤ እነሱ ዝም ካሉ ሌላው ምን ይላል!

ባለፈው ወር ሰፈሩ ሰላም ሲሆን ሐይቁ ዳር ስፒከር አቁመን ልንከፍተው ቀን ቆረጥን። በዋዜማው አንድ የሰፈር ሽማግሌ አረፉ። ሰይድ የተዋሰውን ስፒከር መለሰ። ሂሩት ተናደደች። "ሰው መሞቱን እስኪተው ልትጠብቅ ነው እንዴ?"

"አብሽሪ፣ ትንሽ ያባራ እንጂ" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። አሁን ያ ሳቅ ያንገበግበኛል።

ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ እማማ ዘሃራ ሂሩትን አጠገባቸው አስቀመጧት። "የኔ ልጅ፣ አገሩ ሁሉ የሰይድን ዘፈን ሰማን ይለኛል። እኔ ግን ሰምቼው አላውቅም" አሏት።

ሐዘናቸውን እንዳንቀሰቅስ ብለን እሳቸውን ብቻ ዘለልናቸው። እሱም ለዚያው ብሎ ነው። ሂሩት ማዳመጫዋን አውጥታ ከሻሻቸው ስር ቀስ ብላ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

ሰይዶ፣ ወንድሜ፣ የሰውን ሁሉ ሐዘን ስትጠነቀቅ ኖርክ። ምናለ እያለህ አንድ ቀን ለሳቸው ብታሰማቸው! ምናለ እኛስ ገፋ ብናደርግህ!

ደህና ሁን። አላህ በጀነት ያኑርህ። እናትህ ሰምተውሃል። አላለቀሱም። ዘፈኑ ሲያልቅ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጫን አድርገው ይዘው "ድገሚልኝ" ነው ያሏት።